ቅጥሩ ሳይፈርስ የገባው ጠላት፦ የይለፍ ቃልና የኔትወርክ በር ጠባቂዎች ታሪክ

ሜይ 7 ቀን 2021 ንጋት ላይ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኮሎኒያል በተባለው የአሜሪካ የነዳጅ ማስተላለፊያ ኩባንያ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ አንድ ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ላይ የቤዛ ጥያቄ አነበበ። ብዙም ሳይቆይ 8,850 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የነዳጅ ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። ይህ መስመር የአገሪቱ ምሥራቃዊ ጠረፍ ከሚጠቀመው ነዳጅ 45 በመቶ ያህሉን የሚያደርስ ነው። ማደያዎች በሰልፍ ተጥለቀለቁ። ሕዝቡ ቤንዚን በፌስታል እንዳይሞላ መንግሥት እስከ ማስጠንቀቅ ደረሰ።

ኩባንያው 75 ቢትኮይን፣ በወቅቱ ዋጋ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ከፈለ።

ይህን ሁሉ ያደረሱት ሰዎች በየት በኩል ገቡ? ቅጥሩን ሰብረው አልገቡም። የገቡት በበሩ ነው፤ ያውም ቁልፍ ይዘው። ሠራተኞች ከሩቅ ሆነው የሚገቡበት አንድ የቆየ የቪፒኤን አካውንት ነበር። ማንም አይሠራበትም፤ የዘጋውም ግን የለም። የይለፍ ቃሉን መርማሪዎች ቀደም ሲል ሾልከው በወጡ የይለፍ ቃሎች ክምችት ውስጥ አገኙት። ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቅ ነገር አልነበረም። የኩባንያው ኃላፊ ለአሜሪካ ሴኔት ሲመሰክሩ የይለፍ ቃሉ ቀላል እንዳልነበረ ተከራክረዋል። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን ቃሉ ከበደ ወይስ ቀለለ አይደለም። ጥያቄው ያ አካውንት እስከዚያ ቀን ድረስ በመዝገቡ ላይ ለምን ቆየ የሚለው ነው።

የኔትወርክ ጥበቃ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ሲታይ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። ግንቡ በየጊዜው ተሻሽሏል። ግንቡን የሚያልፉ ሰዎች ስም የሰፈረበት መዝገብ ግን ባለቤት አጥቶ ኖሯል።

🔹 "ይለፍ" የሚለው ማን ነው?

"የይለፍ ቃል" የሚለው ስያሜ ራሱ የዘበኛ ቋንቋ ነው። "ይለፍ" የሚለው በር ላይ የቆመ ሰው ነው። መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበበ ሰው የዮርዳኖስን መሻገሪያ ያስታውሳል፤ የገለዓድ ሰዎች "ሺቦሌት" በማሰኘት ኤፍሬማዊውን ከሌላው ይለዩ ነበር። የሚፈተነው የተሸሸገ ምሥጢር አልነበረም፤ አንደበት ነበር። በዛሬ ቋንቋ ከጣት አሻራ ጋር የሚመደብ ፈተና ነው።

ከዚህ የረቀቀው አሠራር የሮማውያን ጦር ሠራዊት ነው። ታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዘመን እንዳሰፈረው፣ የዕለቱ የይለፍ ቃል በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ፀሐይ ስትጠልቅ ከአዛዡ ድንኳን ይወጣል። ሰሌዳው ከአንዱ የጦር ክፍል ወደ ሌላው በምስክር ፊት ይተላለፋል። ሳይጨልም ደግሞ ተመልሶ አዛዡ እጅ መግባት አለበት። አንድ ሰሌዳ ከቀረ አዛዡ በላዩ ያለውን ምልክት አይቶ የየትኛው ክፍል እንደሆነ ያውቃል፤ ያስቀረውም ይቀጣል።

ልብ በሉ። የሮማውያን ጥንካሬ ቃሉ ላይ አልነበረም። ቃሉ ተራ ቃል ነው። ጥንካሬው ሦስት ነገር ላይ ነው፦ ቃሉ በየዕለቱ ያረጃል፤ ለማን እንደተሰጠ ይታወቃል፤ የተሰጠው ይመለሳል። ኮምፒውተር ሲመጣ ዓለም የወረሰው ቃሉን ብቻ ነው። ሦስቱን ረሳቸው።

🔹 የመጀመሪያው የይለፍ ቃል፣ የመጀመሪያው ስርቆት

በ1961 ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የፈርናንዶ ኮርባቶ ቡድን አንድን ኮምፒውተር ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚጠቀሙበትን ሥርዓት ለእይታ አበቃ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ፋይሎች ስለነበሩት የአንዱን ከሌላው መለየት ግድ ሆነ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የይለፍ ቃል ተሰጠ።

ስርቆቱ ዓመትም አልፈጀበትም። በ1962 አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ በሳምንት የተመደበለት 4 ሰዓት አልበቃ አለው። ፋይሎች በወረቀት እንዲታተሙ በካርድ ማዘዝ ይቻል ነበርና የይለፍ ቃሎቹ ያሉበት ፋይል እንዲታተምለት አዘዘ። ማሽኑም ታዛዥ ነው፤ አተመለት። ሼር ይህን በይፋ የተናገረው ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው።

በ1966 ደግሞ ሌባ እንኳን አላስፈለገም። አንዱ ባለሙያ ለተጠቃሚዎች የሚታየውን የዕለቱን መልእክት፣ ሌላው የይለፍ ቃሎቹን ፋይል በአንድ ጊዜ ሲያርሙ ሁለቱ ፋይሎች ተምታቱ። ከዚያ በኋላ የገባ ተጠቃሚ ሁሉ በሰላምታው ፋንታ የሁሉንም ሰው የይለፍ ቃል ዝርዝር አነበበ።

ከሁለቱም ታሪኮች አንድ ትምህርት ወጣ፦ በር ጠባቂው ራሱ ቃሉን በግልጽ ጽፎ መያዝ የለበትም። በዚያው አሥርት ዓመት በእንግሊዝ ካምብሪጅ ሮጀር ኒድሃም መላ አመጣ። ቃሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚሠራ ስሌት ይፈጫል፤ የሚቀመጠው ዱቄቱ ነው። ሰውየው ሲመጣ ያቀረበው ቃል እንደገና ይፈጭና ከተቀመጠው ጋር ይነጻጸራል። ዱቄቱን የሰረቀ ሰው እህሉን መልሶ ማግኘት አይችልም።

አይችልም? በ1979 የቤል ቤተ ሙከራዎቹ ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን 3,289 የይለፍ ቃሎችን መርምረው 2,831ዱ፣ ማለትም 86 በመቶው፣ ወይ በጣም አጭር ወይ ከመዝገበ ቃላት የተወሰዱ ሆነው አገኙ። ሌባው ዱቄቱን መመለስ አያስፈልገውም። የመዝገበ ቃላቱን ቃላት አንድ በአንድ እየፈጨ ማስተያየት ይበቃዋል።

🔹 75 ሳንቲም

በ1986 በካሊፎርኒያ ሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ የኮምፒውተር አጠቃቀም ሒሳብ ላይ የ75 ሳንቲም ጉድለት ታየ። ክሊፎርድ ስቶል የተባለ የሥነ ፈለክ ባለሙያ ጉድለቱን እንዲያጣራ ታዘዘ። ብዙ ሰው "75 ሳንቲም ምን ትሆናለች" ብሎ በተወው ነበር። ስቶል አልተወም። ክሩን ተከትሎ ምዕራብ ጀርመን ደረሰ። የአሜሪካን የጦር ኮምፒውተሮች እየበረበረ መረጃውን ለሶቪየት ኅብረት የስለላ ድርጅት ኬጂቢ የሚሸጥ ቡድን ተገኘ።

ሰርጎ ገቡ ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ ወደ እንግሊዝ የሄደ የቀድሞ ባልደረባ አካውንት ነበር። ሰውየው ሄዷል፤ ስሙ ከመዝገቡ አልወጣም። በሌሎች ኮምፒውተሮች ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጡ የነበራቸው የይለፍ ቃል ሳይቀየር ስለቆየ እጁን ኪሱ ከትቶ ነው የገባው። በ1986 በበርክሌይ የሆነውና በ2021 በኮሎኒያል የሆነው አንድ ነው። በመካከሉ 35 ዓመት አልፏል።

ስቶልም ሌባውን ያገኘው በግንብ ጥንካሬ አይደለም። ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል ተጠቀመ የሚል መዝገብ ስለነበረና ያንን መዝገብ የሚያነብ ሰው ስለተገኘ ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1988፣ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመት አንድ ፕሮግራም የዚያን ጊዜውን ኢንተርኔት አሽመደመደው። ፕሮግራሙ ከያዛቸው ዘዴዎች አንዱ የይለፍ ቃል መገመት ነበር፤ 432 ቃላት ያሉት የራሱ ዝርዝር ነበረው። ጸሐፊው ሮበርት ታፓን ሞሪስ ይባላል፤ የይለፍ ቃል ድክመትን በ1979 ያጋለጠው የሮበርት ሞሪስ ልጅ ነው። አባት የጻፈውን ማስጠንቀቂያ ዓለም ሳይሰማው ልጁ በተግባር አሳየው።

🔹 ግንቡ ተሠራ፤ ግንቡም ቁልፍ ጠየቀ

ፋየርዎል የሚባለው መሣሪያ ያደገው በእነዚህ ዓመታት ነው። ስሙ ከሕንፃ ሥራ የተወሰደ ነው፤ እሳት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዳይዛመት የሚሠራ ግድግዳ ማለት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ እንደ ዲጂታል ኢኩፕመንትና ቤል ያሉ ድርጅቶች መሐንዲሶች ከውጭ የሚመጣውን ግንኙነት እየመረመሩ የሚያሳልፉና የሚያግዱ መሣሪያዎችን ሠሩ። በ1990ዎቹ መሣሪያው ገበያ ላይ ዋለ።

የቤሉ መሐንዲስ ቢል ቼስዊክ ገና በ1990 የዚህን አሠራር ጉድለት ከከረሜላ ጋር አመሳስሎታል፦ ውጭው ደረቅ፣ ውስጡ ለስላሳ። ደረቁን ቅርፊት አንዴ ያለፈ ሰው ውስጥ የሚያስቆመው የለም።

ጉዳዩን ያወሳሰበው ደግሞ ይህ ነው፦ ግንቡ ራሱ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ የሚያዝዘው ሰው አለው፤ ስለዚህ አካውንትና የይለፍ ቃል አለው። አንደኛው ዓይነት አካውንት የአድሚኑ ነው፤ ማን ይለፍ ማን ይታገድ የሚለውን ይወስናል። ሁለተኛው ከቤቱ ወይም ከመንገድ ሆኖ ወደ ውስጥ የሚገባው ሠራተኛ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ተገለበጠ፦ ዘበኛው ሌላውን ይጠብቃል፤ ዘበኛውን ማን ይጠብቀው?

ለዚህ ጥሩ መልስ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። በ1991 ሊቪንግስተን የተባለ ኩባንያ በስልክ መስመር ለሚገቡ ተጠቃሚዎች ራዲየስ የተባለ ሥርዓት ሠራ፤ በ1997 ዓለም አቀፍ መግባቢያ ሆኖ ታተመ። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ በር የየራሱን የስም ዝርዝር አይዝም። በሩ ሁሉ አንድ ማእከላዊ መዝገብ ይጠይቃል። መዝገቡም ሦስት ጥያቄ ይመልሳል፦ ማን ነህ? ምን ተፈቅዶልሃል? ምን ሠራህ? አንድ ሰው ከሥራ ሲለቅ ስሙ አንድ ቦታ ላይ ይሰረዛል፤ በሮቹ ሁሉ በአንዴ ይዘጉበታል። የሮማው ሰሌዳ በሌላ መልኩ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

መድኃኒቱ አለ። ጥያቄው የሚውጠው ሰው አለ ወይ ነው።

🔹 ዘበኛው ራሱ በር ሲከፍት

ዲሴምበር 17 ቀን 2015 ጁኒፐር የተባለው ግዙፍ የኔትወርክ መሣሪያ አምራች አንድ አስደንጋጭ መግለጫ አወጣ። ኔትስክሪን የተባሉትን ፋየርዎሎቹን በሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር ውስጥ ማንም ያልፈቀደው ኮድ ተገኘ። ገለልተኛ ተመራማሪዎች በቀናት ውስጥ ምሥጢሩን ፈቱት። ከኮዱ ውስጥ አንድ የጓሮ በር የይለፍ ቃል ተሸጉጧል። የመሣሪያውን አንድ የተጠቃሚ ስም የሚያውቅ ሰው ይህን ቃል ካስገባ አድሚን ሆኖ ይገባል። ቃሉ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ተራ የይለፍ ቃል አይመስልም፤ ፕሮግራመሮች ስህተት ለማረም ጽፈው የረሱትን መስመር ይመስላል። ኮዱን የሚያነብ ሰው እንኳ ዓይኑን ሳይጥልበት እንዲያልፍ ታስቦ የተሠራ ነው። በዚህ መንገድ የገባ ብልህ ሰርጎ ገብ የመግባቱን ማስረጃ ከመዝገቡ ሊያጠፋ እንደሚችልም ኩባንያው ራሱ አስጠንቅቋል።

በ2020 መጨረሻ ደግሞ ተራው የዛይክሴል ሆነ። አንድ የሆላንድ የደኅንነት ድርጅት በፋየርዎሎቹ ውስጥ በተጠቃሚ ዝርዝሩ ላይ የማይታይ፣ የይለፍ ቃሉም የማይቀየር የአድሚን አካውንት አገኘ። ቃሉ በሶፍትዌሩ ውስጥ በግልጽ ጽሑፍ ተቀምጧል። በዚህኛው ሰላይ የለበትም። አምራቹ አካውንቱን የፈጠረው ለሌሎች መሣሪያዎች ማሻሻያ ለመላክ ነበር። ለሥራ ማቅለያ የተሠራ በር ከ100,000 በላይ መሣሪያዎችን ለአደጋ አጋለጠ።

የፎርቲኔት ታሪክ ደግሞ የተለየ ትምህርት አለው። የዚህ ኩባንያ ፋየርዎሎች በሩቅ መግቢያቸው በኩል ቀዳዳ ነበረባቸው፤ በዚያ ቀዳዳ የገቡ ሰዎችን ስምና የይለፍ ቃል በግልጽ ጽሑፍ ማንበብ ይቻል ነበር። ማሻሻያው በ2019 ወጣ። በሴፕቴምበር 2021 ግን የ87,000 መሣሪያዎች የመግቢያ መረጃ በይፋ ተበተነ። ኩባንያው ያኔ የሰጠው ማሳሰቢያ ደጋግሞ ሊነበብ የሚገባው ነው፦ ቀዳዳውን የደፈናችሁ ብትሆኑም የይለፍ ቃሎቹን ካልቀየራችሁ አሁንም አደጋ ላይ ናችሁ። ጣሪያውን ጠግኖ ቁልፉን ሌባ እጅ መተው ማለት ነው።

ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጉ። በአንዱ ተንኮል አለ፤ በአንዱ ስንፍና፤ በአንዱ ግድ የለሽነት። ውጤታቸው ግን አንድ ነው፦ ባለቤቱ የማያውቀው ወይም የረሳው ሰው በመዝገቡ ላይ አለ።

🔹 የተሳሳተው መድኃኒት

ለዓመታት ለዚህ ሁሉ የተሰጠው መፍትሔ ተጠቃሚውን ማስጨነቅ ነበር። በ2003 የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ባልደረባ ቢል በር በጻፈው መመሪያ የተነሳ የዓለም መሥሪያ ቤቶች ትልቅ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት አደባልቁ፣ በየጊዜውም ቀይሩ ማለት ጀመሩ። ሰው ምን አደረገ? የድሮውን ቃል መጨረሻ ከ1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 3 ቀየረ። ሲጠፋበት ደግሞ ወረቀት ላይ ጽፎ ስክሪኑ ላይ ለጠፈ። በ2017 ተቋሙ መመሪያውን ከለሰ፤ በየጊዜው ማስቀየሩም ቀረ። ጸሐፊው ራሱ በብዙው እንደሚጸጸት በዚያው ዓመት ተናገረ። የይለፍ ቃልን ወደ ኮምፒውተር ያመጣው ኮርባቶም ነገሩ ቅዠት እንደሆነ ከመሞቱ 5 ዓመት ቀደም ብሎ በ2014 ተናግሯል።

ሮማውያንስ በየቀኑ ይቀይሩ አልነበረም? ይቀይሩ ነበር። ልዩነቱ ወታደሩ ቃሉን አይፈጥርም፤ ይሰጠዋል እንጂ። ዛሬ ለዚህ የሚቀርበው በስልክ ላይ በየ30 ሴኮንዱ የሚቀያየረው ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ነው። የተሰረቀ የይለፍ ቃል ለሌባው ብቻውን በር አይከፍትለትም። ኮሎኒያል ያ አንድ ነገር ቢኖረው ኖሮ የሜይ 2021 ሰልፍ ባልኖረ ነበር ማለት ይቻላል።

ሕግ አውጪዎችም ዘግይተው ነቅተዋል። ብሪታንያ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ ለቤት የሚሸጡ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኙ ዕቃዎች ሁሉ አንድ ዓይነት የፋብሪካ የይለፍ ቃል ይዘው እንዳይሸጡ ከልክላለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚል ይኖራል። ያም ሆኖ መጮኹ ካለመጮኽ ይሻላል፤ ጅቡ ተመላላሽ ነውና።

🔹 ክሊራንሱ ላይ የጎደለው ፊርማ

"ችግሩ የመሣሪያው ጥራት ነው፤ ውድና ታዋቂ ፋየርዎል መግዛት መፍትሔ ነው" የሚሉ አሉ። ከላይ የተዘረዘሩት ስሞች ለዚህ መልስ ይሆናሉ። ጁኒፐርም ፎርቲኔትም በዓለም ከታወቁት አምራቾች መካከል ናቸው። ውድ ግንብ ርካሽ መዝገብን አያድነውም።

ነገሩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በ2021 ቴሌብር ሥራ ጀመረ። በ2023 የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ወጣ፤ በ2024 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321። የሰው ስም፣ ገንዘብና አሻራ ከፋይል ሳጥን ወጥቶ ከኔትወርክ ግንብ ጀርባ እየገባ ነው። ግንቡን የሚያልፉ ሰዎች መዝገብ እንግዲህ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

በአገሪቱ መሥሪያ ቤቶች አንድ ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ይዞ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ንብረት ክፍል ወንበሩንና ላፕቶፑን ይጠይቀዋል፤ ፋይናንስ ያልተወራረደ ሒሳብ እንዳለበት ያያል። አንድ የጠፋ የመሳቢያ ቁልፍ ደብዳቤውን ለሳምንታት ሊያዘገየው ይችላል። ይህ ጥሩ ባህል ነው፤ የሮማው አዛዥ ሰሌዳውን የሚቆጥርበት ዓይነት ባህል። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው፦ በዚያ ወረቀት ላይ "አካውንቱ ተዘግቷል" የሚል መስመርና የሚፈርምበት ሰው አለ? ጨረታ አሸንፎ ፋየርዎሉን የተከለው ድርጅትስ ሥራውን ሲጨርስ በርክክቡ ሰነድ ላይ የአድሚን ይለፍ ቃሉ እንደተቀየረ ተጽፏል?

ለዚህ በጀትም ጨረታም አያስፈልግም። የአካውንቶቹን ዝርዝር ማተም፣ ከሠራተኞች ዝርዝር ጋር ማስተያየት፣ ባለቤት ያልተገኘለትን መዝጋት፣ ለቀሩት ሁለተኛ ማረጋገጫ ማብራት፣ ከዚያም በየጥቂት ወሩ መድገም ነው። ስቶል በ75 ሳንቲም የያዘው ሰላይ፣ ኮሎኒያል በአንድ አሮጌ አካውንት ያጣው ሚሊዮን ዶላር የሚናገሩት ይህንኑ ነው።

አበው "ሳይቃጠል በቅጠል" ይላሉ። እዚህ ላይ ቅጠሉ የስም ዝርዝር ነው። ዛሬ ዝርዝሩን ገልጦ "ይህ ሰው አሁንም እዚህ ይሠራል?" ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው በእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ከተገኘ፣ ነገ መርማሪ መጥቶ ያንኑ ጥያቄ አይጠይቅም።